ጠዋት ጠዋት ቀጥ የሚሉት 20 ቨርቹዋል ማሽኖች

ጥያቄው የመጣው አዳማ ካለ አንድ የሒሳብ ቢሮ ነው። ጠያቂዋ የቢሮው የአይቲ ባለሙያ ናት። 20 ሠራተኞች አንድ ሰርቨር ላይ፣ በፕሮክስሞክስ (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ኮምፒውተር የሚከፋፍል ሶፍትዌር) በተሠሩ የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ ባሉ ኮምፒውተሮች፣ ይሠራሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሁሉም ሲገቡ ማሽኖቹ ቀጥ ይላሉ፤ 4 ሰዓት ገደማ ይለቃቸዋል። ራሙ ከ64 ወደ 128 ጊጋ ቢያድግም ለውጥ የለም። ሲፒዩው ከ20 በመቶ አያልፍም።

እህቴ፣ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩን ነው። ባለ 7200 ዙር አራት ሃርድ ዲስኮች፣ በሬድ 5 (መረጃውን ዲስኮቹ ላይ በትኖ፣ አንዱ ቢሞት የሚተካ መጠባበቂያ ስሌት ጨምሮ የሚያስቀምጥ አሠራር) ብለሻል። ይኼን ሳነብ ጥርጣሬዬ ባሰ። ነገ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሰርቨሩን ሰመሪ ገጽ ክፈቺና አይኦ ዲሌይ (ሲፒዩው ዲስኩን ሲጠብቅ የሚያባክነው ጊዜ) የሚለውን እይው። ሽቅብ ወጥቶ 4 ሰዓት ላይ ከወረደ ሌላ ቦታ አትፈልጊ።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ግን ባክአፕ ያዢ፤ ሌላ ማሽን ላይ የሚቀመጥ። ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበት ሁኔታ) ባክአፕ አይደለም። እዚያው ዲስክ ላይ ስላለ፣ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ራሙ ለምን እንዳልረዳ ልንገርሽ። ዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ነው። የሚፈለገው መረጃ የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ይጠበቃል። ጭንቅላቱ ቦታ ለመቀየር ደግሞ 8 ወይም 9 ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ዲስክ በሰከንድ ቢበዛ 80 ያህል ጥያቄ ይመልሳል። አራቱ ተጋግዘው ለንባብ 320። ለ20 ሰው ሲካፈል 16 ይደርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ንባቦችን ይጠይቃል። ጽሕፈት ላይ ይብሳል። ሬድ 5 አንዲት ትንሽ ነገር ለመጻፍ አሮጌውን መረጃ ያነባል፣ ፓሪቲውን (መጠባበቂያ ስሌቱን) ያነባል፣ ከዚያ ሁለቱንም እንደገና ይጽፋል። አራት ሥራ! 320ው ወደ 80 ወረደ፤ ለአንድ ሰው 4 ብቻ። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ሲሯሯጥ 20 ባለጉዳይ ደጅ ቆሞ አስቢ። ራም መጨመር መጠበቂያ ወንበር እንደ መጨመር ነው፤ ወረፋው አያጥርም።

የላክሽውን ሴቲንግ ሳይ ያናደደኝ ነገር አለ። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው የዲስኮቹን ካሽ (ጽሕፈቱ ዲስክ እስኪደርስ የሚቆይበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) "ራይት ባክ አንሴፍ" ላይ አድርጎታል። ለጊዜው ያፈጥናል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ዊንዶውስ "ጽፌያለሁ" ያለው ነገር የትም የለም። ለሒሳብ ዳታቤዝ ይኼ ጥፋት ነው። ዛሬውኑ ወደ ኖ ካሽ መልሺው፤ ማሽኖቹን አጥፍተሽ ስታስነሺ ይጸናል።

መፍትሔው ሁለት የሰርቨር ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) በሬድ 1፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅጂ ይዘው፣ ነው። ፓወር ሎስ ፕሮቴክሽን (መብራት ሲጠፋ ገና ያልተጻፈውን የሚያድን) ያለው ይሁን። ርካሹን የላፕቶፕ ኤስኤስዲ እንዳትገዢ፤ 20 ማሽን ሲጽፍበት ካሹ ሞልቶ ከሃርድ ዲስኩ ያልተሻለ ይሆናል። እሱን ስነቅል ስንት ቅዳሜዬ አልፏል።

የቨርቹዋል ማሽኖቹ ዲስኮች በአይዲኢ (አሮጌና ዘገምተኛ የማያያዣ ዓይነት) መያያዛቸውም ስህተት ነው። ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ ወደተሠራው ቪርትአይኦ ስካዚ ቀይሪያቸው፤ ግን በአንዴ ከቀየርሽ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። መጀመሪያ 1 ጊጋ ትርፍ ዲስክ በስካዚ ጨምሪ፣ ድራይቨሩን ጫኚ፣ አጥፊ፣ ከዚያ ዋናውን አዛውሪ። የቡት ኦርደሩን (ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ) ማስተካከል አትርሺ።

የማሽኖቹንም መነሻ በታተኚ። ሰርቨሩ ሲነሳ በመካከላቸው 60 ሰከንድ ስታርት አፕ ዲሌይ ይኑር። የአንቲቫይረስ ስካኑንም ከጠዋት አውጥተሽ ማታ ላይ፣ በየተራ አድርጊው።

ወደ ኤስኤስዲው ስታዛውሪ ዲሊት ሶርስ (ካዛወርክ በኋላ አሮጌውን አጥፋ) የሚለውን አትምረጪ። ከዚያም በፊት ባክአፕ! አንዱን ማሽን ከባክአፑ መልሰሽ አስነሺና ሒሳብ ሠራተኛዋ ገብታ ፋይሏን ትክፈት። ካልተከፈተላት ማዛወሩን አትጀምሪ።