ለሁለት ዓመት ብዬ ጅማ መጥቼ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ወንድሜ። ጅማ ሥራ አግኝተሃል። ደመወዙ አዲስ አበባ ከምታገኘው ትንሽ ይሻላል። ባለቤትህ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ልጆቻችሁ አምስትና ስምንት ዓመታቸው ነው። «ኮንዶሚኒየማችንን ሸጠን ጠቅልለን እንምጣ ወይስ እኔ ብቻዬን ልመላለስ? እዚያ የሄደ ሰውስ ምን አግኝቶ ነው የሚቀረው?» ብለሃል።

ከኔ በፊት የመለሱልህ ስለ አየሩ፣ ስለ ማሩ፣ ስለ አቮካዶው ጽፈውልሃል። ልክ ናቸው። ግን ለአቮካዶ ብሎ የቀረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባሌን ተከትዬ፣ የአንድ ዓመት ልጅ ታቅፌ ከጉለሌ መጣሁ። ለሁለት ዓመት ነበር። ዛሬም እዚሁ ነኝ።

ኮንዶሚኒየሙን አትሽጡት፤ አከራዩት። እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። መመላለሱን ደግሞ እርሳው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤን አልፈህ ግቤ ትወርዳለህ፣ ደግሞ ሽቅብ ትወጣለህ፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያልክ ቀኑ ያልቃል። አውሮፕላን አለ፤ በየሳምንቱ ግን የደመወዝተኛ ኪስ አይችለውም። የባሌ የሥራ ባልደረባ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ እየሄደ እሁድ ሲመለስ ከረመ። ጅማም አልኖረ፣ አዲስ አበባም አልኖረ። የኖረው አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አንተ የጠየቅከው ስለ ራስህ ነው፤ እኔን ያሳሰበችኝ ግን ባለቤትህ ናት። አንተ ሰኞ ጠዋት የምትሄድበት አለህ። ስምህን የሚጠራ፣ ብትቀር «የት ገባ?» የሚል ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ታገኛለህ። እሷስ? እኔ ካየኋቸው ትተው ከሄዱት ቤተሰቦች አብዛኛዎቹን ያስለቀቃቸው ሥራ ያገኘው ሳይሆን ተከትሎ የመጣው ነው።

በራሴ ስለደረሰ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ደበረኝ፣ ቀፈፈኝ፣ ምን ልበልህ። ቆጪ ከሚባለው ሰፈር በታች፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ቤት ተከራየን። ርካሽ ነበር። ለምን እንደረከሰ ያወቅነው ክረምት ሲገባ ነው፤ ውሃው ግቢ ድረስ መጣ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም። ሚያዝያ ላይ ይይዛል፣ መስከረም ጠብቶም አይለቅም። ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት የሠርግ ጫማዬ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። ስለዚህ ቤት በጥር አትፈልግ። በጥር የማያምር ቤት የለም። ሐምሌ ላይ ናና ግድግዳውን በእጅህ ዳስሰው።

ጎረቤቴ በየጠዋቱ «ቡና ጠጪ!» ትለኛለች። እኔ «ሥራ አለብኝ» እላለሁ። ምንም ሥራ አልነበረኝም! ሐሜት ብቻ መስሎኝ ነበር። (ሐሜትማ አለ፤ አልዋሽህም።)

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ባሌን ወባ ጣለው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወባን በወሬ ነው የሚያውቀው። ጅማ ግን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ረግረጉም ብዙ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ወባ ይነሳል። አጎበር ሳትይዝ እንዳትመጣ። አራት ቀን ሆስፒታል ከረምን። ልጄን የያዘችልኝ ያቺ ቡናዋን እምቢ ያልኳት ጎረቤቴ ናት። ስመለስ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ጨጨብሳ ይበላል፤ እኔን ትቶ እሷን «ሀደ» ይላታል። እማዬ ማለት ነው። ቀናሁ፣ አለቀስኩም።

ከዚያ ወዲህ ቡናው አልቀረኝም። ሥራዬንም ያገኘሁት እዚያው ነው። ቶና ላይ ደርሰን አንዷ «የወንድሜ መጋዘን ሂሳብ የሚይዝ ጠፋ» አለች። ሰውየው ቡና አቅራቢ ነው። በሳምንቱ የእሸት ቡናና የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ደረሰኝ መሐል ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ለባለቤትህ ይህን ንገራት፦ እዚህ የሂሳብ ሰው ሥራ አያጣም፣ ግን ብዙው ሥራ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም። ደግሞ ወቅት አለው። ከጥቅምት እስከ ጥር መጋዘን ውስጥ ታመሻለህ፤ ከተማው ብር ይሸታል፤ ከዚያ ሠርጉ ይከተላል። ክረምት ላይ ጭር ይላል። የቡና ዋጋ የወደቀ ዓመት ደግሞ ቡና ነግዶ የማያውቀው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ፊቱ ይጠቁራል። ከተማውን ከዚህ የሚያስተነፍሰው ዩኒቨርሲቲው ነው። በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ተከራዩም፣ ምግብ ቤቱም በእሱ ይተዳደራል።

ቋንቋውስ? ከተማው ውስጥ በአማርኛ ትገበያያለህ፣ ችግር የለም። ቢሮ ስትገባ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ለልጆቹም ትምህርት ቤት ከመምረጥህ በፊት በምን ቋንቋ እንደሚያስተምሩ ጠይቅ፤ ለታናሹ ቀላል ነው፣ ስምንት ዓመት የሞላው ማንበብና መጻፉ ላይ ይፈተናል። እኔ የተማርኩት ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ነው። አንድ ቀን ማር ሻጯን «ሜቃ?» አልኳት፤ ስንት ነው ማለቴ ነው። «ሶዶማ» አለችኝ። ሠላሳ ማለቷ ነው፤ እኔ አርባ መስሎኝ አርባ ብር ሰጠኋት። አሥሩን ብር እጄ ላይ መልሳ፣ በጣቶቿ አሥር አሥሩን ሦስቴ ቆጠረችልኝ። እስከ ዛሬ ማር ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም።

በኛ ጊዜ ከመጡት አንዱ ቴሌቪዥኑን ሦስት ዓመት ሙሉ ከካርቶን ሳያወጣ ኖረ። «እሄዳለሁ እኮ» ይላል። መጋረጃ አልሰቀለም፣ እድር አልገባም። እውነትም ሄደ። ኋላ ደውዬ ሳገኘው፣ አዲሱም ከተማ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው አለኝ፤ ሳቅንበት።

እኔን ያስቀረኝ እድሩ ነው ብል አይበዛም። እናቴ ታመው በሁለተኛው ቀን ነው የደረስኩት። ርቀት ማለት ያኔ ገባኝ፤ ማታ ተደውሎልህ እስኪነጋ ሻንጣህ ላይ መቀመጥ ነው። ይህን ማንም አያቀልልህም፤ ወላጆችህ ካረጁ አስብበት። እናቴ ካረፉ በሦስተኛው ቀን ጉለሌ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሚኒባስ ቆመ። የጅማ ጎረቤቶቼ ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሌሊት ተነስተው። ያቺ ጎረቤቴ ከፊት፣ ልጄን እያየች። ስመለስ የእድሩ ጸሐፊ አጽናናኝ፣ ተቀመጠ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ሲወጣ «የሦስት ወር መዋጮ አለብሽ» አለኝ። ኧረ ልክ ነው፤ ነበረብኝ።

«እኛ» ማለት የጀመርኩበትን ቀን ግን ልጄ ነው የነገረኝ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በወጣበት ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን፣ ኳስ የማላውቀው ሴትዮ «በላናቸው!» ብዬ ጮኽኩ አሉ። እኔ አላስታውስም።

እንግዲህ ከመጣህ አራታችሁም አብራችሁ ኑ፣ ያውም በክረምት። ቤቱን ለስድስት ወር ተከራዩ፣ አዌቱ ዳር አይሁን። ባለቤትህ ቡና ስትጠራ እንደኔ አትኩራ። ዓመት ሞልቶ ሐሙስ ገበያ ውስጥ እሷን በስም የሚጠራት ሰው ከሌለ፣ ደመወዝህ እጥፍ ቢሆንም ተመለሱ፤ ኮንዶሚኒየሙ አለላችሁ።

እስኪለይላችሁ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ተዉት ብትሉም አልከራከርም። ጫማዎቹን ግን አውጧቸው።