የመሪ ከፍታ ጥያቄዎቻችሁ፦ ቀለበቱን ከመንካታችሁ በፊት

ስለ ኮርስ ብስክሌት መሪ ጠይቁኝ ብዬ ጥያቄው ጎርፍ ሆነብኝ። የተደጋገመውን መርጬ እመልሳለሁ። በቃላቱ እንግባባ፦ ፎርክ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ከሱ ወደ ላይ የሚወጣው ቱቦ። ስቴም የምለው መሪውን ከፎርኩ አንገት ጋር የሚያገናኘውን አጭር ክንድ ነው። ስፔሰር ደግሞ አንገቱ ላይ የሚደረደሩት ቀለበቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ያገለገለ ኮርስ ገዛሁ። መሪው ዝቅ ብሎብኝ ወገቤን ጨረሰው። ስፔሰር ገዝቼ ልጨምር?

መልስ፦ ወዳጄ፣ መጨመር አይቻልም። አንገቱ በልክ ተቆርጦ ነው የመጣው፤ ከሥር ቀለበት በደረብክ ቁጥር ስቴሙ የሚነክሰው ያጣል። ከስቴሙ በላይ የተቀመጡ ቀለበቶች ካሉ ግን ዕድለኛ ነህ፣ ወደ ሥር አውርዳቸው። ከሌሉ ስቴሙን ገልብጠው። ብዙው ስቴም 6 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ወደ ታች የሚያየውን ባለ 100 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ስትገለብጠው መሪው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል። ያውም በነጻ።

ጥያቄ፦ ላይኛውን ብሎን ፈትቼ ስቴሙ ንቅንቅ አልል አለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም። ሁላችንም እዚያ ጋ ተሸውደናል። ላይኛው ብሎን ስቴሙን አይዝም፤ ሥራው ኩሽኔታዎቹን ጫን አድርጎ ክፍተት ማጥፋት ብቻ ነው። የሚይዙት የጎን ብሎኖች ናቸው። ላይኛው ብሎን የሚያልፍበትን ክዳን አውጣ፣ የጎኖቹን አላላ፣ ስቴሙን አውጥተህ ቀለበቶቹን ቀያይር። ፎርኩን ግን ሰው ይያዝልህ። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ፎርኩ ሾልኮ ወርዶ ኩሽኔታዬን ከአልጋ ሥር ነው የፈለግኩት።

ስትመልስ የአንገቱ ጫፍ ከላይኛው ቀለበት፣ እሱ ከሌለ ከስቴሙ አፍ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ ክዳኑ የሚጫነው አንገቱን ነው፣ አንተ ጠበቀ ትላለህ እሱ ግን ልል ነው። ከዚያ ላይኛውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። የፊት ፍሬን ይዘህ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዘው፤ ቋ ቋ ካለ ትንሽ ጨምር። መሪው ሲዞር ከከበደህ ደግሞ አብዝተሃል። በመጨረሻ መሪውን ከጎማው ጋር አቅናና የጎን ብሎኖቹን እያፈራረቅክ እሰር። የማጥበቂያው ልክ ስቴሙ ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚህ በኋላ ላይኛውን አትንካ።

ጥያቄ፦ የኔ አንገት ካርቦን ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ስፔሰር ከሥር ብደረድርስ?

መልስ፦ ተው። ብዙ አምራቾች ለካርቦን 30 ሚሊ ሜትር ላይ ያቆማሉ፣ የአንተን መመሪያ እየው። ከእንጦጦ ቁልቁል እየወረድክ አንገቱ ቢሰነጠቅ ምን ይዘህ ትቆማለህ? ግሪስም እንዳትቀባው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው፣ አል ቁድራ የብስክሌት መንገድ ላይ እነዳለሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላኝ እጄ ይደነዝዛል። መሪውን ላንሳው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ኮርቻሽን እዪው። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ወደፊት እየተንሸራተትሽ ክብደትሽን በሙሉ እጅሽ ላይ ትጥያለሽ፤ መሪውን ሰማይ ብታደርሺውም መደንዘዙ አይለቅሽም። አስተካክለሽው ካልተሻለሽ መሪውን በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ አንሺና ሁለት ሦስት ቀን ንጂበት። አንገቱ ወደኋላ ያጋደለ ስለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ስታነሺ መሪው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርብሻል፣ ለብዙ ሰው የሚያሳርፈው ይሄም ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ የአባቴ አሮጌ ብስክሌት ስፔሰር የሚባል የለውም።

መልስ፦ እሱ ስቴሙ ራሱ ወደ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። የላዩን ብሎን ሁለት ሦስት ዙር አላላና እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ቀስ ብለህ ምታው፣ ይለቃል። ከዚያ የፈለግከው ድረስ ሳበው፤ ዘንጉ ላይ የተቀረጸው መስመር ግን ከውጭ መታየት የለበትም።

ጥያቄ፦ ከስቴሙ በላይ የተረፈው አንገት አስጠላኝ፣ ልቁረጠው?

መልስ፦ ቢያንስ ሁለት ወር ንዳበት። ሲቆረጥ አይቀጠልም። መሪህን ካነሳህ ደግሞ ጥግ እስከ ጥግ አዙረህ የፍሬንና የማርሽ ገመዶቹ አለመወጠራቸውን እይ።