መምህር ነኝ፣ ለስቴት ምክር ቤት ልወዳደር?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከቨርጂኒያ ናቸው፣ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው። አንዱ መምህር ልወዳደር ይላል፣ አንድ አባት ልጄን ምከሩልኝ ይላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንዴት እናግዝ ይላሉ። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ዜግነት ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ጓደኞቼ በ2027 ለቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደር ብለው ወጥረው ይዘውኛል፣ «ሐበሻው ሁሉ ይመርጥሃል» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ደሞዝህስ?» ትላለች። ሥራዬን ሳልለቅ መወዳደር እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከባለቤትህ ጥያቄ ልጀምር፤ ከሁላችሁም ነገሩ የገባት እሷ ናት። የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ደሞዝ በዓመት 17,640 ዶላር ነው። በስብሰባ ወቅት የውሎ አበል አለ፣ እሱ ግን የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ በአልጋና በምግብ ያልቃል። ይሄ ካስደነገጠህ የኒው ሃምፕሻየርን ስማ፦ እዚያ የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት አሉት፣ ደሞዛቸውም በዓመት 100 ዶላር ነው። አንድ ቅዳሜ ቤተሰብህን ይዘህ ክትፎ ቤት ብትገባ አይበቃህም። ኒው ዮርክ 142,000 ዶላር ይከፍላል፣ ግን አንተ የምትኖረው ኒው ዮርክ አይደለም። ስለዚህ ሥራህን መልቀቅ የሚባለውን እርሳው። ዋናው ጥያቄ ትምህርት ቤቱ ቦታህን ይጠብቅልሃል ወይ ነው።

የስቴቱ ሕግ አያግድህም። ስካይለር ቫንቫልከንበርግ የሚባሉ የሥነ ዜጋ መምህር በ2017 ሄንራይኮ ካውንቲ ላይ ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፣ በ2023 ደግሞ ወደ ሴኔቱ አለፉ፤ ምክር ቤት ገብተውም ግሌን አለን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማራቸውን ቀጥለዋል። ጓደኞችህ እሳቸውን እንደ ምሳሌ ሲጠሩልህ ግን ካርታ አውጣ። ሄንራይኮ ከሪችመንድ ጋር የተያያዘ ነው። አንተ ወደ 100 ማይል ትርቃለህ፣ ያውም በአይ-95! መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ሌላ አልጨምርም።

ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ነው። በተጋማሽ ዓመት 60 ቀን ይቀመጣል፣ በጎዶሎ ዓመት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 46 ቀን። እንግዲህ አስበው፣ ተማሪዎችህ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና በሚዘጋጁበት ሰዓት አንተ ክፍል ውስጥ የለህም ማለት ነው፣ እና የምትወስደው ፈቃድ ምናልባት ያለ ደሞዝ ይሆናል። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር መጀመሪያ የትምህርት ዲስትሪክትህን የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ጠይቅ፦ ለዚህ ዓይነት ሥራ ፈቃድ ይሰጣል? በፈቃዱ ጊዜ የቤተሰቤ የጤና ኢንሹራንስ ይቀጥላል? ጡረታዬስ? ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ትከሻህን መታ አድርጎ «ችግር የለም» ስላለህ ብቻ እንዳትተማመን። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ ወረቀት ግን ይቀራል።

በነገራችን ላይ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ መልሴ አጭር ነበር፤ የፌዴራል ሠራተኛ ፓርቲ ባለበት ምርጫ ዕጩ መሆን አይችልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርን ግን ይኸው ሕግ ነፃ ያደርገዋል። ያም ሆኖ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን፣ የወላጆችን ስልክ ዝርዝር ለዘመቻ አትንካ። ክፍል ውስጥም ቃል አይውጣህ። ተቃዋሚህ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

አሁን ወደ «ሐበሻው ሁሉ» እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ጨከን ልበል። በቨርጂኒያ አንድ የተወካዮች ዲስትሪክት ወደ 86,000 ሕዝብ አለው። ምሽት ላይ ቡና ቤት ከብበውህ «ግፋበት!» ከሚሉህ ውስጥ አንዱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ሌላው ከዲስትሪክትህ ውጭ ዉድብሪጅ፣ ሦስተኛው ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው። ያጨበጭቡልሃል፣ ሊያዋጡም ይችላሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም። ዛሬ ማታ ስልክህን አውጣና የምታውቃቸውን ሰዎች በአድራሻ ለያቸው። ዲስትሪክትህ ውስጥ የሚኖር፣ ዜጋ የሆነና የተመዘገበ ስንት ሰው ታውቃለህ? የሒሳብ መምህር ነህ፣ ውጤቱን እኔ አልነግርህም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ታያለህ፤ ያስተማርካቸው ልጆች ወላጆች፣ የቬትናም፣ የሳልቫዶር፣ የኮሪያ፣ የአሜሪካ ተወላጅ ቤተሰቦች፣ ከጓደኞችህ ይልቅ ዲስትሪክትህ ውስጥ ያሉት እነሱ ናቸው። ለወላጅ የልጁ መምህር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ጉልበትህ እዚያ ነው። ብቻ ስልካቸውን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ አትውሰድ፤ ቤታቸው ሄደህ እንደ ማንኛውም ተወዳዳሪ በር አንኳኳ።

ወረቀቱ ብዙም አያስፈራም። ዕድሜ 21፣ በስቴቱ አንድ ዓመት መኖር፣ በምትወዳደርበት ዲስትሪክት ነዋሪ መሆን። ለፓርቲ ፕራይመሪ (የፓርቲው ዕጩ ለሚለይበት ቅድመ ምርጫ) 125 ፊርማ ያስፈልግሃል፣ ክፍያው ደግሞ የደሞዙ ሁለት በመቶ ነው፣ ማለትም 352 ዶላር ከ80 ሳንቲም። ፈራሚዎቹ የዲስትሪክትህ መራጮች መሆን አለባቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመህ 125 ሰው አስፈርመህ ብትመለስ ግማሹ ሊወድቅብህ ስለሚችል እጥፍ አድርገህ ሰብስብ። አድራሻን እንደ ዋዛ አትይ። የኔቫዳው አሌክሳንደር አሰፋ በ2018 ተመርጠው የስቴቱን ምክር ቤት የተቀላቀሉ የአገራችን ሰው ነበሩ፤ ከመኖሪያ አድራሻቸውና ከዘመቻ ገንዘብ ጋር በተያያዘ ምርመራ ተከፍቶባቸው በ2021 መጀመሪያ ወንበራቸውን ለቀቁ። ገንዘብ መቀበል ከጀመርክበት ቀን አንስቶ በ10 ቀን ውስጥ የዘመቻ ኮሚቴህን ማስመዝገብ አለብህ። የባንክ ሒሳቡም ለብቻው ይሁን፣ ገንዘብ ያዡም የሥጋ ዘመድህ ባይሆን ይሻላል።

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በተለይ አንተ ባለህበት አካባቢ፣ ወንበሩ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ኖቬምበር ላይ ሳይሆን ጁን ላይ በዲሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። በቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፣ የፈለገው ሰው ፕራይመሪው ላይ መምረጥ ይችላል። ግን የሚመጣው ጥቂት ነው። ተወዳዳሪ የመራጮችን ዝርዝር ከስቴቱ ምርጫ ቢሮ መግዛት ይችላል፤ ማን በየትኛው ፕራይመሪ ድምፅ እንደሰጠ እዚያ ላይ አለ (ማንን እንደመረጠ ሳይሆን መምረጡን)። ዘወትር ከሚመርጡት ጀምር። ሌላው ጣጣ አፓርትመንት ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው እዚያ ነው፣ በሩ ደግሞ በኮድ ይዘጋል፣ ማናጀሩ ሲያይህ ያስወጣሃል። መፍትሔው በየሕንፃው አንድ ነዋሪ ማግኘት ነው፤ አንዲት እናት ቡና አፍልታ የፎቋን ጎረቤቶች ብትጠራልህ ለሳምንት በር ከማንኳኳት ይበልጥሃል።

«አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል» የሚልህ ካለ የሼሊ ሲመንድስን ታሪክ ንገረው። ስፓኒሽ ያስተማሩ ሴት ናቸው። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ከዴቪድ ያንሲ ጋር ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ቆጠራ በ10 ድምፅ ተሸነፉ። እንደገና ሲቆጠር በአንድ ድምፅ አሸነፉ። በማግስቱ ዳኞች አንዲት የድምፅ ወረቀት አነሱ፤ መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በሲመንድስ ላይ ጭረት ጭሮበታል። ለያንሲ ይቆጠር ተባለ። እኩል ሆኑ፣ 11,608 ለ11,608። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በፊልም ማስቀመጫ ቆርቆሮ ተከቶ ከሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ። ያንሲ! በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። ሲመንድስ በ2019 ተመልሰው አሸነፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ እሷም ለምክር ቤት ልወዳደር ትላለች። እኛ ከአገራችን የወጣነው በፖለቲካ የተነሳ ነው። ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው የምለው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፣ እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁም። እዚህ ግን ምርጫው ማክሰኞ ነው፣ ልጅዎ ብትሸነፍ ረቡዕ ጠዋት ክፍሏ ትገባለች።

አንድ ታሪክ ልንገርዎ። በ2018 ኬንታኪ ውስጥ የመምህራንን ጡረታ የሚለውጥ ሕግ ስለ ፍሳሽ ቆሻሻ በሚያወራ ረቂቅ ውስጥ ተሰክቶ በአንድ ቀን አለፈ። መምህራኑ ነደዱ፣ በማግስቱ በብዙ ካውንቲ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በሜይ ወር ትራቪስ ብሬንዳ የሚባሉ የገጠር የሒሳብ መምህር ረቂቁን ካዘጋጁት አንዱ ከሆኑት ከገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት መሪ ጋር ገጠሙና በ123 ድምፅ ጣሏቸው። በዓመቱ መጨረሻ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ብሬንዳ ራሳቸውም በ2020 ተሸንፈው ወረዱ። ማንም አልታሰረም። ከእኛም ወገን አባታቸው ከኢትዮጵያ የመጡት ሳምራ ብሩክ ከ2021 ጀምሮ የኒው ዮርክ ስቴት ሴናተር ናቸው።

የሚጎዳ ነገር የለም አልልዎትም። ሰው በኢንተርኔት ይሳደባል፣ «ወደ አገርሽ ሂጂ» የሚል አይጠፋም። ለዘመቻዋ ደብዳቤ የፖስታ ሳጥን ትከራይ፣ ብቻዋንም በር አታንኳኳ። አብረዋት ቢሄዱስ? አባቱን አስከትሎ ለሚመጣ ተወዳዳሪ ሰው በሩን ቶሎ ይከፍታል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ጓደኛዬ ልትወዳደር ነው። ገንዘብ መስጠትና መርዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማዋጣትም በነፃ መሥራትም ይፈቀድለታል። በቪዛ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ያለ ሰው ግን አንድ ዶላር እንኳ መስጠት የለበትም፣ ያለ ክፍያ ማገዝ ግን ይችላል። ስትሰጪ ከራስሽ ኪስ፣ በራስሽ ስም። የአጎትሽን ልጅ ገንዘብ በስምሽ ማስገባት ወንጀል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትመዝገቢ፣ አትምረጪ። መንጃ ፈቃድ ስታሳድሺ «መራጭ ልመዝግብሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ሳታነቢ «አዎ» እንዳትዪ። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ከአገር ያስባርራል።

ጥያቄ፦ እናቴ ዜጋ ናት፣ እንግሊዝኛ ግን አታነብም። አብሬያት መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ። የፌዴራል ሕግ ማንበብ የሚቸገር መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፣ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ካልሆኑ በቀር። የምርጫ ጣቢያው ሠራተኛ ፎርም ያስሞላሻል፣ አትደንግጪ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ በአማርኛም አገልግሎት ይሰጣል። ቨርጂኒያ ላይ ግን የድምፅ ወረቀቱን በአማርኛ አትጠብቂ፤ የፌዴራሉ የቋንቋ ድንጋጌ የአፍሪካ ቋንቋዎችን አይጨምርም። ደግሞ የምርጫ ቀንን አትጠብቁ፣ ከ45 ቀን በፊት ይጀመራል፣ ረጅም ሰልፍ የለም፣ እናትሽንም አይደክማቸውም። ማንን እንደሚመርጡ ግን እሳቸው ይንገሩሽ እንጂ አንቺ አትንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነኝ። የአገራችን ልጅ ዕጩ ሆኗል። ማኅበሩ በይፋ ይደግፈው?

መልስ፦ ማኅበራችሁ ለጋሾቹ ከግብር የሚቀንሱለት 501(ሐ)(3) የሚባለው ዓይነት ከሆነ አይችልም፤ አንዱን ዕጩ ደግፉ ብሎ መግለጫ ማውጣት ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ሁሉንም ዕጩዎች ጠርታችሁ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄ ማስጠየቅ ግን ትችላላችሁ፣ አስተርጓሚ ብታቆሙ ደግሞ ሕዝቡ ይመጣል። እርስዎ በግልዎ ደግፉት፣ ገንዘብም ስጡት፣ ምልክቱንም ደጅዎ ላይ ትከሉ። የማኅበሩ ማኅተምና ደብዳቤ ግን መሳቢያው ውስጥ ይቆይ።