ሻንጣው ውስጥ ያለው ቀይ ዕንቁ

ጥያቄ፦ ከምወዳቸው የልጆች መጻሕፍት ደራስያን መካከል በርከት ያሉት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እንደነበሩ በቅርቡ አነበብኩ። በመጻሕፍቶቻቸው ውስጥ ግን ስለዚህ ጉዳይ የሚናገር አንድም መስመር አላስታውስም። አስተዳደጋቸው በሥራቸው ላይ አሻራ ጥሏል የሚባለው በምን በኩል ነው? ወይስ ተቺዎች ኋላ የሚለጥፉባቸው ነገር ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ከፊሉ ተገቢ ነው። አሻራውን በርእሰ ጉዳዩ ውስጥ ከፈለጉት ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ የሚታየው ምን እንደተደበቀ፣ ለማን እንደተገለጠና በሩ ለማን እንደተከፈተ ሲያስተውሉ ነው።

የፊንላንዷ ደራሲ ቶቬ ያንሶን እ.ኤ.አ. በ1914 በሄልሲንኪ ከቀራጺ አባትና ከሠዓሊ እናት ተወለደች። በመጻሕፍቷ ውስጥ ሙሚን የተባሉት ምናባዊ ፍጥረታት የሚኖሩበት ቤት ለመጣ ሁሉ ክፍት መሆኑ፣ ሥራና ኑሮ፣ ዘመድና እንግዳ ተቀላቅለው ከሚኖሩበት ከዚያ የልጅነት ቤቷ የመጣ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። በ1948 በታተመው መጽሐፏ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ፦ የማይለያዩና ለብቻቸው የሚግባቡበት ቋንቋ ያላቸው ሁለት ጥቃቅን ፍጥረታት፣ በውስጡ ያለውን የማያሳዩት አንድ ሻንጣ ይዘው ይመጣሉ። መጽሐፉ በተጻፈበት በስዊድንኛ የሁለቱ ስም የተቀዳው ከራሷ ስምና ካፈቀረቻት ከቴአትር አዘጋጇ ከቪቪካ ባንድለር ስም ነው፤ በፊንላንድ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እስከ 1971 ድረስ በወንጀል ያስቀጣ ነበር። ሻንጣው ሲከፈት ከውስጡ ቀይ ዕንቁ ይወጣል። ልጅ አንባቢ ሕጉን ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚወዱትን ነገር መደበቅ ምን እንደሚመስል ግን ያውቃል።

አሜሪካዊው ደራሲና ሠዓሊ ሞሪስ ሴንዳክ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁድ ወላጆች በ1928 በብሩክሊን ተወልዶ፣ በሽተኛ ልጅ ስለነበረ ብዙ ጊዜውን በመስኮት በኩል ሰው በመመልከት አሳለፈ። ከአንድ ወንድ ጋር 50 ዓመት ያህል አብሮ ሲኖር ለወላጆቹ ፈጽሞ እንዳልነገራቸው በይፋ የተናገረው በ2008 ነው። ይሁን እንጂ በ1963 ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን አውሬዎች ከዚህ ምስጢር ጋር ለማያያዝ አይቸኩሉ፤ እሱ ራሱ እንዳስረዳው አውሬዎቹ ለጥየቃ እየመጡ ጉንጩን ይቆነጥጡ የነበሩ አጎቶቹና አክስቶቹ ናቸው። ከምስጢሩ የመጣ የሚመስለኝ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ተቆጥቶ ወደ አውሬዎቹ አገር ርቆ የሄደው ልጅ ሲመለስ እራቱ ሳይቀዘቅዝ ጠብቆት መገኘቱ ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ የደራሲው ቃል አይደለም።

ሌላው አሜሪካዊ ደራሲ አርኖልድ ሎቤልም በአያቶቹ ቤት ያደገ ሕመምተኛ ልጅ ነበር። በ1970 በጀመራቸው የእንቁራሪትና የጉርጥ ታሪኮች ውስጥ፣ ጉርጥ ደብዳቤ ደርሶት ስለማያውቅ ሲያዝን እንቁራሪት ተሯሩጦ ይጽፍለታል። ሎቤል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለቤተሰቡ የነገረው ከአራት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ሴት ልጁ ታሪኮቹን የዚያ መግለጥ መጀመሪያ አድርጋ እንደምታያቸው ተናግራለች። እሱ ግን በይፋ አላያያዛቸውም፤ ስለዚህ የልጁን አስተያየት እንደ ምስክርነት እንጂ እንደ ፍርድ አልወስደውም።

ጥያቄ፦ እኔም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነኝ፤ ለወጣቶችም እጽፋለሁ። ገጸ ባሕርዬ ምስጢሩን መናገር ይኖርበታል?

መልስ፦ ግዴታ የለበትም። ያንሶን ሻንጣውን የፈጠረችው በግልጽ መጻፍ በማይቻልበት ጊዜ ስለነበር፣ እርስዎ የሚቻልዎት ከሆነ የእሷን ዘዴ ከልማድ ብቻ አይውረሱ። በሌላ በኩል፣ በግልጽ መናገር ብቻውን ደራሲን ከፍርሃት አያላቅቅም። ጉዳዩን በግልጽ ያነሣው የመጀመሪያው የአሜሪካ የወጣቶች ልቦለድ ተብሎ የሚጠቀሰው በ1969 የታተመ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ሁለት ወንዶች ልጆች ከተሳሳሙ በኋላ የአንደኛው ውሻ በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፤ ልጁም ሞቱን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። በረቂቅዎ ውስጥ እውነቱ እንደተነገረ ወዲያው የሚከተል መከራ ካለ፣ ታሪኩ የወለደው መሆኑን ወይም እርስዎ በልጅነትዎ ይፈሩት የነበረ ቅጣት መሆኑን ለይተው ይወቁ፤ ሁለተኛው ከሆነ ውሻውን አይግደሉት።