መልስ፦ የታች ሙሉ ጥርስ ምላስ ሲነሳ አብሮ ይነሳል

ለአንዲት እናት የሠራህላቸው የታች ሰው ሠራሽ ሙሉ ጥርስ ምላሳቸውን ሲያነሱ አብሮ ይነሳል ብለህ ጠይቀሃል። ጥርሱ ከምላሳቸው ጋር የሚነሳው ዳሩ ስለረዘመ ነው። የድዳቸውን ልክ በአልጂኔት (በውሃ ተበጥብጦ በሚረጋ የልክ መውሰጃ ዱቄት) ብቻ ወስጄ ላቦራቶሪ ላክሁ ብለሃል፣ ጣጣው እሱ ነው። አልጂኔቱ ለመጀመሪያ ልክ ብቻ ይሁን።

1. በዚያ ልክ ለእናትየዋ የራሳቸውን ትሬይ (የልክ መውሰጃውን የሚይዝ፣ በድዳቸው ቅርጽ የሚሠራ መያዣ) አሠራ፣ ዳሩ ከድዱ እጥፋት (ድዱ ከጉንጭና ከምላስ ሥር ከሚገናኝበት) 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠር።
2. ግሪን ስቲክ (ሲሞቅ የሚለሰልስ አረንጓዴ የልክ መውሰጃ ዘንግ) እያለሰለስክ የትሬዩን ዳር በትንሽ በትንሹ ቅረጽ፤ እሳቸው ምላሳቸውን ወደ ላይና ወደ ግራ ቀኝ ያንቀሳቅሱ፣ አንተ ጉንጫቸውን ሳብ ሳብ አድርግ።
3. ትሬዩ ካልተነሳ የመጨረሻውን ልክ በዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል (የልክ መውሰጃ ፓስታ) ውሰድ።

አሮጌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ግን ከልኩ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ያውልቁት። ሰበታ ስሠራ አንድ አባት ከሩቅ መጥተው ድዳቸው ቀልቶ አብጦ ሳለ አሳዝነውኝ በዚያው ቀን ልኩን ወሰድኩላቸው፣ እብጠቱ ሲጎድል አዲሱ ጥርስ ላላ፣ እንደገና ተመላለሱ። ስትቀጥራቸው በስልክ ቀድመህ ንገራቸው።