ሲኒማ ቤት ሄዶ ማየት ወይስ ቤት እስኪደርስ መጠበቅ? ለተነሣው ጥያቄ ከልምዴ የምሰጠው መልስ

አንድ የቡድናችን አባል፣ አዳዲስ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤት በታዩ በጥቂት ወራት ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ስለሚጫኑ፣ ለባለቤታቸውና ለሁለት ልጆቻቸው ትኬትና ትራንስፖርት ከፍለው የሚሄዱበት ምክንያት ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። ብዙዎቻችሁ «በትልቅ ስክሪን ማየት ይሻላል» ብላችሁ መልሳችኋል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በአምባሳደር፣ በአምፒር፣ በዓለም ሲኒማ፣ ኋላም ኤድና ሞል ውስጥ በተከፈተው ማቲ ሲኒማ ፊልም ስከታተል ኖሬያለሁ፤ ብዙዎቹንም ቤቴ ደግሜ አይቻቸዋለሁ። ከዚህ ልምድ የተረዳሁት ዋናው ጉዳይ የስክሪኑ ስፋት አለመሆኑን ነው።

ፊልም በሲዲ ተገዝቶ ቤት ይታይ በነበረበት በቪሲዲ ዘመን ልዩነቱ አያከራክርም ነበር። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ ስለ ነበር፣ ተዋናዩ ከካሜራው ትንሽ ሲርቅ ፊቱ ይደበዝዛል። አንዱ ዲስክ የሚይዘውም ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ፊልሙ በሁለት ሲዲ ተከፍሎ ይሸጥ ነበር፤ ታሪኩ ሲጦዝ አንዳችን ተነሥተን ሁለተኛውን ሲዲ መክተት ነበረብን። ዛሬ ግን አንድ ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን 1920 በ1080 ፒክስል ሲኖረው፣ 2ኬ የሚባለው የሲኒማ ዲጂታል ምስል 2048 በ1080 ነው። ስለዚህ ነገሩ የምስል ጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠያቂያችን ቢጠብቁ ብዙም አይቀርባቸውም ነበር።

የሚቀርባቸው ሌላ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አስቂኝ ፊልም ቅዳሜ ማታ ጢም ብሎ በሞላ አዳራሽ ከወንድሜ ጋር አየሁ። ሕዝቡ በየጊዜው በሳቅ ስለሚናወጥ ከአንዱ ቀልድ ቀጥሎ የሚመጣውን ንግግር ብዙ ጊዜ አልሰማሁትም፣ ቅርም አላለኝም። ያንኑ ፊልም ከወራት በኋላ ከእናቴ ጋር ሳሎን ውስጥ ስናየው ያመለጡኝን ንግግሮች በሙሉ አንድም ሳይቀር ሰማሁ፤ ነገር ግን ሁለታችንም ከፈገግታ አላለፍንም። እናቴ ሳቂታ ሴት ነች፤ ፊልሙም አልተለወጠም። የጎደለው አጠገባችን የሚስቀው ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ፍንዳታና መኪና ማሳደድ ያለበትን ፊልም ሲኒማ ቤት፣ ኮሜዲውን ግን ቤት ማየት ይሻላል የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበለውም። በመጠበቅ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ኮሜዲ ነው። የመርዶና የለቅሶ ትዕይንት ያለበት ፊልምም ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል የሚፈጠረው ጸጥታ፣ ስልክ በሚጠራበትና ሰው በሚገባ በሚወጣበት ሳሎን ውስጥ ሊገኝ አይችልም።

ከዚህ ጋር ድምፁን መርሳት አይገባም። በሚገባ በተደራጀ አዳራሽ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ መሐል ላይ ከተቀመጠው ስፒከር ሲሆን፣ ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ከግራ ከቀኝና ከኋላ ይመጣል። ቤት ግን ሁሉም በቴሌቪዥኑ ጀርባ ባሉት ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች በኩል ስለሚያልፍ ሙዚቃው ንግግሩን ይውጠዋል። የሌሊት ትዕይንትም በኢንተርኔት ሲመጣ ይጎዳል፤ ቪዲዮው መጠኑ እንዲቀንስ ሲጨመቅ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው በጨለማው ክፍል ውስጥ ያለው ዝርዝር ነውና።

ይህን ስል ሲኒማ ቤት ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው አዳራሽ ውስጥ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ደክሞ፣ ታሪኩ የሚፈታበት የሌሊት ትዕይንት በሙሉ ግራጫ ጥላ ብቻ ሆኖብን ነበር። ቅሬታችንን ስናቀርብ «ፊልሙ ሲቀረጽ እንዲህ ሆኖ ነው» ተባልን። ቆይቶ ቤቴ ሳየው የገዳዩ ፊት ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ማን ማንን እንደ ገደለ እንኳን ሳላውቅ ነበር የወጣሁት። እንዲህ ላለ አዳራሽ ገንዘብ ከመክፈል መጠበቅ በእጅጉ ይሻላል። በዚያው ሰሞን ፊልሙን ያየ ሰው ጠይቆ መሄድ ከዚህ ያድናል።

የገንዘቡ ጉዳይም ያሳስበኛል። ከትኬት ሽያጭ ፊልም ሠሪው ከሲኒማ ቤቱ ጋር ይካፈላል። ዩቲዩብ ላይ ግን ገቢው ከማስታወቂያ ስለሚመጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያይ ተመልካች የሚያስገኘው አሜሪካ ካለው እጅግ ያነሰ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ቤት ማየትን ለመድን፤ እኛ ካልተመለስን ፊልም ሠሪዎቹ ለአዳራሽ የሚሆን ፊልም መሥራታቸውን ይተዋሉ ብዬ እሰጋለሁ። በቴሌግራም የሚሰራጨውን፣ አዳራሽ ውስጥ በስልክ ተቀርጾ የወጣ ቅጂ ግን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የሚጠብቀውን የሰው ድካም መውሰድ ነው፤ ለተመልካቹም ምስሉ የተንጋደደ፣ ድምፁም የሚያስተጋባ ነገር ከማየት ሌላ አይተርፈውም። በውጭ አገር የሚኖሩና በአቅራቢያቸው የአማርኛ ፊልም የሚያሳይ አዳራሽ የሌላቸው ወገኖቻችን ግን በሕጋዊ መንገድ እስኪጫን ቢጠብቁ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም።

ስለዚህ ለጠያቂያችን የምመክረው፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ፊልም መርጠው፣ ከእነዚህም አንዱ ኮሜዲ ሆኖ፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ቤተሰባቸውን ይዘው እንዲሄዱ ነው። ልጆቹ ከሰባት ዓመት በታች ከሆኑ የቀኑን ሰዓት መምረጥና መተላለፊያው ዳር መቀመጥ ይበጃል፤ እኔ ልጄን በስድስት ዓመቷ ወስጃት ፊልሙ ሳይጋመስ ይዣት ለመውጣት ተገድጃለሁ።

የቀሩትን ፊልሞች ቤትዎ ሲያዩ ደግሞ ሶፋውን ወደ ፊት ይሳቡት። 43 ኢንች ቴሌቪዥን ከዳር እስከ ዳር 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኞቻችን ግን 3 ሜትር ርቀን ስለምንቀመጥ ምስሉ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ፎቶግራፍ ያንስብናል። ወደ 1.8 ሜትር ሲቀርቡ ከዕይታዎ 30 ዲግሪ ያህሉን ይሸፍናል። መብራቱን ያጥፉ፣ መጋረጃውን ይዝጉ፣ የሁሉንም ሰው ስልክ ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፣ ከተቻለም ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኝ የተሻለ ስፒከር ይጠቀሙ።