የጫካ ኦርኪድ በረንዳ ላይ ይጸድቃልን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከከፋ ጫካ ከነቅርንጫፉ ቆርጦ ያመጣልኝን ኦርኪድ ፒያሳ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ብሰቅለውም ቅጠሉ እየጠወለገ ነው። ዘሩን ወስጄ ባባዛው ዝርያውን ከመጥፋት አድነዋለሁን? (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ የሚያስመሰግን ቢሆንም ዘሩን አፈር ላይ በመበተን አይሳካልዎትም። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ እንደ ባቄላ ለቡቃያው የሚሆን ስንቅ ስለማይዝም በጫካ ውስጥ የሚበቅለው ምግብ የሚያቀብለው ተስማሚ ፈንገስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ኦርኪድን መጠበቅ ማለት የተጣበቀበትን ዛፍ፣ እርጥበቱን፣ ፈንገሱንና የአበባ ዱቄቱን የሚያዳርሱትን ነፍሳት አብሮ መጠበቅ ነው።

የእንግሊዝ አገር ታሪክ እጅግ ያሳዝናል፤ ተስፋም ይሰጣል። ‹‹ሌዲስ ስሊፐር›› የተባለው ባለ ቢጫ ከረጢት የደን ኦርኪድ በሰብሳቢዎች እየተነቀለ ጠፍቷል ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 በዮርክሻየር አንድ ተክል ብቻ ተገኘ። ቦታው ለዓመታት በምስጢር ተጠበቀ፤ የኪው እጽዋት ተቋም ባለሙያዎችም ዘሩን በላቦራቶሪ አብቅለው ወደ ተፈጥሮ ቦታው መለሱት። ከተመለሱት የመጀመሪያው ያበበው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። አንድን አበባ መንቀል የደቂቃ ሥራ ሲሆን መመለሱ ይህን ያህል ዘመን ይፈጃል።

የእርስዎን ተክል ከቅርንጫፉ ሳይነጥሉ፣ አፈር ውስጥም ሳይቀብሩ፣ ከቀትር ፀሐይ ከልለው ጠዋት ጠዋት ውኃ ይርጩበት። ወንድምዎ ደግሞ ወደፊት ፎቶግራፉን ብቻ ይዞልዎት ቢመጣ እንመርጣለን።